ፍሪድትዮፍ ናንሰንና ተጓዡ በረዶ

በሰሜን ጃፓን በሆካይዶ ደሴት፣ አባሺሪ ከምትባለው የወደብ ከተማ፣ በየዓመቱ የብርድ ወራት ሲገባ ብዙ ሰዎች በአስጎብኚ እየተመሩ በረዶ ሰባሪ መርከብ ላይ ይሳፈራሉ። ሊያዩ የሚሄዱትም ከኦኾትስክ ባሕር ተነሥቶ ነፋስና ጅረት እየነዱት እስከ ወደቡ ደጃፍ የሚደርሰውን የበረዶ ሜዳ ነው። መርከቡ ጥቂት ወደ ውስጥ ዘልቆ በረዶውን እየሰባበረ ካሳያቸው በኋላ መልሶ ያወርዳቸዋል፤ ጉዞው በጠቅላላው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በረዶ ሲባል ከዝናብ ጋር ወርዶ ወዲያው የሚቀልጠውን ጠጠር ለሚያስብ የአገራችን ሰው፣ አንድ ባሕር በሙሉ ሲረጋና ረግቶም ሳለ እንደ ከብት መንጋ እየተነዳ ሲጓዝ በዓይነ ሕሊና ማየት ቀላል አይሆንም። ዛሬ ለመዝናኛ የሚታየው ይህ ተጓዥ በረዶ ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ለሰሜን ባሕር መርከበኛ የታወቀ መቃብር ነበር። ይህንን መቃብር እንደ መጓጓዣ ሊጠቀምበት አስቦ፣ አስቦም ሳይቀር መርከብ አሠርቶ፣ ከ12 ባልደረቦቹ ጋር በፈቃዱ የገባበት ሰው ፍሪድትዮፍ ናንሰን ይባላል።

ናንሰን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 1861 ዛሬ ኦስሎ በምትባለው በክርስቲያንያ ከተማ አጠገብ ተወለደ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የሕግ ሰው ነበሩ። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በስኪ መንሸራተትን፣ አደንንና ጫካ ውስጥ ብቻውን ማደርን ለመደ፤ በ1880 ዩኒቨርሲቲ ሲገባም የመረጠው ትምህርት የእንስሳት ጥናት ነበር። ይህንንም የመረጠው ከቤት ውጭ ለመዋል ያመቸኛል ብሎ እንደ ነበር ይነገራል። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1882፣ ቫይኪንግ በምትባል የአቆስጣ አዳኝ መርከብ ወደ ሰሜን ተጓዘ። መርከቢቱ ከግሪንላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ ትይዩ በበረዶ ተይዛ ሳምንታት ስትቆይ፣ ሌሎቹ አደናቸው ስለ ቆመባቸው ሲበሳጩ ወጣቱ ተማሪ በበረዶው ላይ አንድ ነገር አስተዋለ። በዚያ ዛፍ በማይበቅልበት ምድር በበረዶው ላይ ተጭኖ የመጣ ግንድ ነበር። ዐባይ ማደሪያ ሳይኖረው ግንድ ይዞ ይዞራል እንደሚባለው ሁሉ፣ ይህም ውቅያኖስ ግንዱን ከአንድ ሩቅ አገር ይዞት መጥቷል ማለት ነው። ከየት?

ጥያቄው ለጊዜው እንዲሁ ቀረ። ናንሰን በበርገን ከተማ ቤተ መዘክር ተቀጥሮ፣ ጀርባ አጥንት የሌላቸው ትናንሽ የባሕር እንስሳት የነርቭ ሥርዓት እንዴት እንደ ተዋቀረ በማይክሮስኮፕ ሲያጠና ቆየ፤ በዚህም ጥናት በ1888 የዶክትርና ማዕረግ አገኘ። ማዕረጉን ከተቀበለ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ግሪንላንድን ከዳር እስከ ዳር በስኪ ለማቋረጥ ተነሣ። ከእርሱ በፊት የሞከሩት ሰዎች ሰው ከሚኖርበት ከምዕራቡ ዳርቻ እየተነሡ፣ ነገሩ ሲከፋ የሚመለሱበትን መንገድ ጠብቀው ነበር የሚጓዙት። ናንሰን በተቃራኒው ሰው ከሌለበት ከምሥራቅ ለመነሣት ወሰነ። ከዚያ ከተነሡ ወደ ኋላ መመለስ ሞት ስለሆነ፣ ያለው መንገድ ወደ ፊት ብቻ ይሆናል። ስድስቱ ተጓዦች ጁላይ 17 ቀን ከመርከብ ወርደው በጀልባ ወደ ዳርቻው ሲቀዝፉ በበረዶው መካከል ተያዙ፤ ጅረቱም በረዶውን ከእነ ሰዎቹ ወደ ደቡብ ይዟቸው ነጐደ። 12 ቀን ያህል በአንድ የበረዶ ንጣፍ ላይ ድንኳን ተክለው ተቀመጡ። ከታሰበው ቦታ 380 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ነበር ወደ ምድር የወጡት። በመጨረሻም ግሪንላንድን አቋረጡ፤ ናንሰንም በኦክቶበር 3 ቀን ጎድሆብ ገባ። ናንሰን ዝናን ያተረፈው በዚህ ጉዞ ነው፤ ለኋላ ሥራው የጠቀመው ግን የበረዶውን ጉልበት በራሱ ላይ ቀምሶ ማወቁ ሳይሆን አልቀረም።

ለግንዱ ጥያቄ መልስ የሰጠው የሌሎች ሰዎች መከራ ነው። ጃኔት የተባለችው የአሜሪካ መርከብ በዴ ሎንግ አዛዥነት በ1879 ከቤሪንግ ወሽመጥ በስተሰሜን በበረዶ ተያዘች፤ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ከተነዳች በኋላም በጁን 1881 ከሳይቤሪያ በስተሰሜን በበረዶው ተጨፍልቃ ሰጠመች። ከ33 ሰዎቿ 20ው አለቁ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1884፣ በግሪንላንድ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ በዩልያነሆብ አጠገብ፣ የዚህችው መርከብ ወረቀቶችና የመርከበኞቿ ልብሶች በበረዶ ላይ ተገኙ። ኖርዌያዊው የአየር ጠባይ ሊቅ ሄንሪክ ሞን ዕቃዎቹ ዋልታውን በሚያቋርጥ የበረዶ ጉዞ ተሻግረው የመጡ ናቸው ሲል አስረዳ። ናንሰን ይህን በጋዜጣ እንዳነበበ በ1882 ያየው ግንድ ትዝ አለው። ግንዱ የሳይቤሪያ ነበር። በግሪንላንድ የአላስካ ተወላጆች ጦር ለመወርወር የሚጠቀሙበት ዓይነት እንጨትም ቀደም ብሎ ተገኝቶ ነበር። ማስረጃዎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አመለከቱ። ጥቂት ወረቀትና አንድ ሱሪ ያንን መንገድ መጓዝ ከቻሉ፣ መርከብ የማይጓዝበት ምክንያት ምንድን ነው?

በፌብሩዋሪ 1890 ለኖርዌይ ጂኦግራፊ ማኅበር ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነበር። መርከብ አሠርቶ ጃኔት በሰጠመችበት አካባቢ ሆን ብሎ ወደ በረዶው ይገባል፤ ከዚያም ሞተሩን አጥፍቶ በረዶው በዋልታው አጠገብ አድርጎ በግሪንላንድና በስፒትስበርገን መካከል እስኪያወጣው ድረስ ይጠብቃል። ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ሐሳቡ በተለይ በ1892 በለንደን በቀረበ ጊዜ፣ የዘመኑ ዋና ዋና የዋልታ ባሕርተኞች ከፊሎቹ በጥርጣሬ፣ ከፊሎቹም በተቃውሞ ተቀበሉት። አንጋፋው አድሚራል ማክሊንቶክ መርከብ ያንን ግፊት ችሎ መመለሱን ተጠራጠረ። አሜሪካዊው ጄኔራል አዶልፈስ ግሪሊ ደግሞ ነገሩን ሁሉ ከንቱ አድርጎ ጻፈ። እዚህ ላይ ለግሪሊ ፍርድ መስጠት ያስፈልጋል። ሰውየው በ1881 ከመራቸው 25 ሰዎች መካከል በሕይወት የዳኑት 6 ብቻ ነበሩ፤ ተቃውሞው ከምቀኝነት ሳይሆን ካየው የመነጨ ነው። ትክክለኛ ልምድ ግን የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ሊያደርስ ይችላል። እስከዚያ ድረስ የተጨፈለቁት መርከቦች ሁሉ ለሌላ ባሕር የተሠሩ ነበሩና፣ የእነርሱ መጨፍለቅ ስለ በረዶው ጉልበት እንጂ ስለ መርከብ አሠራር ወሰን የሚያስረዳው ነገር አልነበረም።

የኖርዌይ ፓርላማ በመጀመሪያ 200,000 ክሮነር ፈቀደ፤ ቀሪው ከንጉሡና ከግል ሰዎች ተዋጣ። መርከቢቱን የመንደፍና የመሥራት ኃላፊነት የተሰጠው ኮሊን አርቸር የተባለ፣ ከስኮትላንድ በመጡ ወላጆች በላርቪክ የተወለደ መርከብ ሠሪ ነው። የናንሰን ስም ሲነሣ የዚህ ሰው ስም አለመነሣቱ ለሙያው ሰው ቅር የሚያሰኝ ነገር ነው፤ የሁሉም ነፍስ የተንጠለጠለው በእርሱ ንድፍ ላይ ነበርና።

ንድፉ የተመሠረተበት መርሕ እንደሚከተለው ነው። የመርከብ ጎን ቀጥ ያለ ከሆነ በረዶው ከግራና ከቀኝ ሲገፋ ኃይሉ አግድም ይመጣል፤ ቀፎውም ኃይሉን በሙሉ መቻል አለበት። በረዶው ደግሞ ለግፊቱ ወሰን የለውም፤ በስተጀርባው በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የበረዶ ሜዳ በነፋስ እየተነዳ ይገፋዋል። ስለዚህ በጥንካሬ ብቻ ማሸነፍ አይቻልም። ጎኑ ክብና ወደ ውስጥ ያዘመመ ከሆነ ግን ግፊቱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል ቀፎውን ይጨምቃል፣ ሌላው ወደ ላይ ያነሣል። የሚያነሣው ኃይል ከመርከቡ ክብደት ሲበልጥ መርከቡ ከፍ ይላል፤ በረዶውም ከሥሩ ሾልኮ ይገባል። በሁለት ጣት መካከል የተያዘ የሎሚ ፍሬ ሲጫኑት ተስፈንጥሮ እንደሚያመልጥ ማለት ነው። በዚህም ምክንያት አርቸር መርከቢቱን አጭርና ሰፊ አደረጋት። ርዝመቷ 39 ሜትር፣ ወርዷ 11 ሜትር ነበር። በረዶው የሚይዘው ማዕዘን እንዳያገኝ የታችኛው አከርካሪ እንጨት እንኳ ወደ ቀፎው ተጠቅልሎ ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ብቅ እንዲል ተደረገ። የፊትና የኋላ ጫፎቿም ክብ ሆኑ። በረዶ በቀላሉ ሊሰብራቸው የሚችላቸው መሪውና ፕሮፔለሩ በጉድጓድ በኩል ወደ ላይ ተስበው እንዲወጡ ተዘጋጀ።

ከፍ እስክትል ድረስ ያለውን ጭመቃ ለመቻል ደግሞ ጥንካሬ ያስፈልጋል። የጎን አጥንቶቿ ለብዙ ዓመታት ከደረቀ የኦክ እንጨት ተሠርተው ተቀራርበው ቆሙ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በሬንጅ፣ በዝፍትና በሰጋቱራ ድብልቅ ተሞላ። በላዩ ሁለት ድርብ የኦክ ሳንቃ፣ ከእነዚያም ውጭ ግሪንሃርት የተባለ እጅግ ጠንካራ የደቡብ አሜሪካ እንጨት ተለበጠ። የጎኗ ውፍረት በጠቅላላው ከ70 እስከ 80 ሳንቲሜትር ደረሰ። ውስጧ በሰያፍ ድጋፎች ተወጠረ። የመኖሪያ ክፍሎቹ ብርድ እንዳይገባባቸው በቡሽ፣ በአጋዘን ጠጉርና በሌሎች ነገሮች በብዙ ድርብ ተሸፈኑ። ለመብራት ዲናሞ የሚያዞር የነፋስ መዘውር ተተከለባት። ይህ ሁሉ ሲሆን በክፍት ባሕር ላይ እጅግ የምትንገዋለል፣ የተሳፈረባትን ሰው ሁሉ የምታስታውክ መርከብ ሆነች። አርቸር ይህን አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ የተጠየቀው አንድ ነገር ስለሆነ ለዚያ ሲል ሌላውን ለቀቀ። ኦክቶበር 26 ቀን 1892 መርከቢቱ ወደ ውሃ ስትወርድ ፍራም ተባለች፤ ትርጉሙም ወደ ፊት ማለት ነው።

ፍራም በጁን 1893 የአምስት ዓመት ስንቅ ጭና ከክርስቲያንያ ተነሣች። ካፒቴኑ ከናንሰን ጋር ግሪንላንድን ያቋረጠው ኦቶ ስቨርድሩፕ ነበር። በሳይቤሪያ ዳርቻ ስትጓዝ በኦገስት ወር መጨረሻ አንድ እንግዳ ነገር ገጠማት። ባሕሩ ጸጥ ያለ፣ ሞተሩም በሙሉ ኃይሉ የሚሠራ ሆኖ ሳለ፣ አንዳች ነገር ከሥር እንደያዛት ሁሉ ፍጥነቷ በድንገት ወደቀ። የሙት ውሃ ይሉታል መርከበኞች። ናንሰን ሁኔታውን በጥንቃቄ መዝግቦ አስቀመጠው፤ ፍቺው በኋላ ይነገራል። ሴፕቴምበር 22 ቀን ከ78 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስ አጠገብ ፍራም ወደ በረዶው ገባች፤ ውሃው በዙሪያዋ ረጋ፤ መሪዋ ወደ ላይ ተሳበ።

በመጀመሪያ በረዶው ወደ ሰሜን አልሄደም። እየተጠማዘዘ ተጉዞ በኖቬምበር ከገቡበት ቦታ በስተደቡብ ወሰዳቸው። አገሩን ሁሉ ገንዘብ አዋጥቶ ለላከው ለናንሰን እነዚያ ሳምንታት ምን ያህል መራራ እንደ ነበሩ መገመት ይቻላል፤ ስሌቱ ስሕተት ከሆነ የሚያርመው ምንም መንገድ አልነበረውም። ሌላም ግምቱ ፈረሰ። የዋልታው ባሕር ጥልቀት የሌለው ይመስለው ስለ ነበር የያዘው የመለኪያ ገመድ ከወለሉ አልደርስ አለ። መርከበኞቹ ከመርከቡ የብረት ገመድ አንዱን ፈትተው፣ ክሮቹን እንደገና ገምደው ረጅም መለኪያ ሠሩ፤ ጥልቀቱም ከ3,000 ሜትር በላይ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ገመድ ውሃ እየቀዱ ሙቀቱን ሲለኩ፣ ከላይኛው ቀዝቃዛ ውሃ በታች ከአትላንቲክ የሚመጣ ሞቅ ያለና ጨዋማነቱ ከፍ ያለ ውሃ መኖሩ ታወቀ። የባሕር ውሃ የሚረጋው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ሙቀት በቀጥታ ወደ ላይ ቢደርስ ኖሮ በረዶው ያን ያህል ባልወፈረ ነበር።

የፍራም ታላቅ ፈተና የደረሰው በጃኑዋሪ 1895 መጀመሪያ ነው። በጨለማው መካከል የተሰበረ በረዶ እንደ ግንብ ተደራርቦ ወደ መርከቢቱ ግራ ጎን ተጠጋ፤ ድምፁም ነጐድጓድ ይመስል ነበር። ሰዎቹ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ተኙ፤ ስንቁን ወደ በረዶው ላይ አወጡ፤ ውሾቹን ለቀቁ። የበረዶው ክምር ወደ መርከቢቱ ጣራ ላይ መፍሰስ ጀመረ። ሆኖም አርቸር እንዳሰላው ፍራም ከተጣበቀችበት ተላቅቃ ከፍ አለች። ቀፎዋ አልተጎዳም።

ቀፎው እንደታሰበው ሆነ፤ የጉዞው አቅጣጫ ግን እንዳልሆነ ግልጽ እየሆነ መጣ። በ18 ወር ያህል ጊዜ ወደ ሰሜን የተጓዙት 580 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለት በቀን በአማካይ ከ1 ኪሎ ሜትር ብዙ ያልበለጠ ነው፤ ያም ሆኖ ፍራም ዋልታውን በሩቁ አልፋ ልትሄድ ነበር። በረዶውን አምኖ የገባው ሰው ትዕግሥቱ አለቀ። ማርች 14 ቀን 1895፣ በ84 ዲግሪ ከ4 ደቂቃ ላይ፣ መርከቢቱን ለስቨርድሩፕ ትቶ ከያልማር ዮሃንሰን ጋር በ3 የበረዶ ሸርተቴ፣ በ28 ውሾችና በ2 የቆዳ ጀልባዎች ወደ ዋልታው ተነሣ። የምትጓዝን መርከብ ተመልሶ ማግኘት እንደማይቻል ሁለቱም ያውቁ ነበር። ዮሃንሰን ብርቱ ስፖርተኛ ሲሆን፣ ጉዞው ላይ ለመገኘት ካለው ጉጉት የተነሣ ሌላ ቦታ ቢያጣ በእሳት አቀጣጣይነት የተቀጠረ ሰው ነበር።

በረዶው በዚህ ጊዜ ተቃራኒያቸው ሆነ። ቀኑን ሙሉ ወደ ሰሜን ሲታገሉ ውለው ማታ ፀሐይን ለክተው ሲያሰሉ፣ ከሥራቸው ያለው ሜዳ ወደ ደቡብ ሲመልሳቸው መዋሉን ያገኙት ነበር። ኤፕሪል 8 ቀን በ86 ዲግሪ ከ14 ደቂቃ ገደማ ላይ ቆሙ። ከዋልታው 420 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራቸው ነበር። የግሪሊ ቡድን ይዞት የነበረውን የሩቅ ሰሜን ወሰን ከሁለት ዲግሪ ተኩል በላይ አልፈዋል። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ፍራንዝ ዮሴፍ ምድር መለሱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከድካም ብዛት የሁለቱም ሰዓቶች ሳይሞሉ ቀርተው ቆሙ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ኬንትሮስ የሚሰላው በሰዓት ነው፤ የአራት ደቂቃ ስሕተት አንድ ሙሉ ዲግሪ ያዛባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሰሜን ምን ያህል እንደሆኑ እንጂ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የት እንዳሉ በእርግጥ አያውቁም ነበር። ውሾቻቸውን አንድ በአንድ እያረዱ ለቀሩት እያበሉ፣ በኦገስት የመጨረሻዎቹን ሁለት ገደሉ፤ አንዱ የራሱን ውሻ መግደል ስላልቻለ እርስ በርስ ተለዋወጡ።

የብርድ ወራት ሲይዛቸው የየትኛው ደሴት እንደሆነ ባላወቁት ዳርቻ ላይ የድንጋይ ጎጆ ሠሩ። ለጣራው ያለበሱት ዋልረስ የሚባለውን ጥርሳም የባሕር አውሬ ቆዳ ነው። ቆዳውን የሚሸከመው ወራጅ ደግሞ ባሕር የጣለው አንድ ግንድ ነበር፤ ዛፍ በማይበቅልበት አገር በረዶ ያመጣው ግንድ። የድብ ሥጋና ስብ እየበሉ፣ በአውሬ ስብ መብራት እየሞቁ፣ እስከ ሜይ 1896 ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ተኝተው አሳለፉት። ናንሰን ከዚያ ሲወጣ 10 ኪሎ ያህል ወፍሮ ነበር። አለቃና ጭፍራ ሆነው የተነሡት ሁለቱ ሰዎች በአንድ ከረጢት አብረው እየተኙ እንኳ አንቱ ሲባባሉ ቆይተው፣ አንተ መባባል የጀመሩት በዚያ ጎጆ ውስጥ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው ይባላል።

በጁን 1896 ጉዞ በቀጠሉ ጊዜ ታስረው የቆሙት ጀልባዎች ገመዳቸው ተበጥሶ ከእነ ስንቁ፣ ከእነ ጠመንጃው ተንሳፈፉ። ናንሰን ወደ በረዶው ውሃ ዘሎ ሊሞት ሲል ደረሰባቸው። ከአምስት ቀን በኋላ የውሻ ጩኸት ሰምቶ ድምፁን ተከትሎ ሲሄድ ፍሬድሪክ ጃክሰን ከተባለ እንግሊዛዊ አሳሽ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። በእንግሊዞቹ መርከብ ተሳፍሮ ኦገስት 13 ቀን ቫርደ ወደብ ሲደርስም ያገኘው ሰው፣ ለሌላ ጉዳይ እዚያ የተገኘውን ያንኑ ሄንሪክ ሞንን ነበር። በዚያው ቀን፣ ኦገስት 13፣ ከስፒትስበርገን በስተሰሜን ምዕራብ ፍራም የመጨረሻውን በረዶ ሰብራ ወደ ክፍት ባሕር ወጣች። 35 ወር ሊሞላት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ማለት ነው። ከአሥራ ሦስቱ ሰዎች አንድም አልሞተም።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ማየት ተገቢ ነው። ናንሰን ከሄደ በኋላ በረዶው ፍራምን በኖቬምበር 1895 እስከ 85 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ አድርሷት ነበር። ሁለቱ ሰዎች ሞትን ብዙ ጊዜ ተጋፍጠው የደረሱበት ቦታ ከዚህ የሚበልጠው በ35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ናንሰን መርከቢቱን መተው አልነበረበትም የሚሉ አሉ። በእርግጥም በራሱ መርሕ ላይ ጸንቶ ለመጠበቅ ያልቻለው ራሱ መሆኑ አይካድም፤ ዋልታው ላይ የመድረስ ምኞት ከሳይንሱ በልጦበት ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ በፍራም ላይ ያለው ሥራ ያለ እርሱ አንድም ቀን አልተቋረጠም። ስቨርድሩፕና ባልደረቦቹ መለካቱን እስከ መጨረሻው ቀጠሉ። አለቃው በሌለበት ያልተጓደለ ሥራ የአለቃውም የጭፍራውም ምስክር ነው። ዮሃንሰን ግን ከዚያ ጎጆ በኋላ ሕይወት አልሰመረችለትም። በናንሰን አሳሳቢነት ከአማንድሰን ጋር ወደ ደቡብ ዋልታ በፍራም ሄዶ፣ ከአዛዡ ጋር በመጣላቱ ወደ ዋልታው ከሚሄዱት ሰዎች ተለየ፤ በጃኑዋሪ 1913 በገዛ እጁ ሞተ።

ከጉዞው የተገኘው መረጃ በስድስት ጥራዞች እስኪታተም ዓመታት ፈጀ። ከሁሉም የላቀውን ፍሬ ያፈራው ናንሰን በየዕለቱ የመዘገበው አንድ ነገር ነው። በረዶው የሚጓዘው ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ ሳይሆን ከዚያ ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ነበር። ምክንያቱ የመሬት መሽከርከር መሆኑን ናንሰን ራሱ ተረድቷል፤ የላይኛው የውሃ ንጣፍ የታችኛውን ሲጎትት የታችኛው ይበልጥ ወደ ቀኝ እንደሚያዘነብልም ገምቷል። ሒሳቡን ግን መሥራት አልቻለም። ጥያቄውን ለቪልሄልም ብዬርክነስ አቀረበ፤ ብዬርክነስም ለስዊድናዊው ተማሪው ለቫልፍሪድ ኤክማን ሰጠው። ኤክማን በ1902 ባወጣው ጥናት ዛሬ በየውቅያኖስ ሳይንስ መጽሐፍ በስሙ የሚጠራውን ጠመዝማዛ አስረዳ። የሙት ውሃውንም ምሥጢር የፈታው እርሱ ነው። ቀላል ንጹሕ ውሃ በከባድ ጨዋማ ውሃ ላይ በስሱ ሲንጣለል፣ የመርከቡ ኃይል በሁለቱ መካከል የማይታይ ማዕበል በማስነሣት ያልቃል። የራስን ወሰን አውቆ ጥያቄን በትክክል ለሚችለው ሰው ማስተላለፍ በሙያተኞች ዘንድ እምብዛም የማይታይ ችሎታ ነው፤ ናንሰን ግን ነበረው።

የቀረው ሕይወቱ ራሱን የቻለ ታሪክ ይወጣዋል። ኖርዌይ በ1905 ከስዊድን ስትለይ በለንደን የመጀመሪያው መልክተኛዋ ሆነ። በ1908 የውቅያኖስ ሳይንስ ፕሮፌሰር ተባለ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታት ማኅበር የጦር ምርኮኞችን ወደ አገራቸው የመመለስ ሥራ በ1920 ሰጠው፤ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ከ400,000 በላይ ሰዎች ወደየቤታቸው እንዲገቡ አደረገ። በ1921 የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆኖ፣ አገር አልባ ለሆኑ ሰዎች ከ50 በላይ መንግሥታት የተቀበሉትን በስሙ የሚጠራውን ፓስፖርት አስወጣ። በ1922 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸለመ። ሁሉም አልሰመረለትም። ለሩስያ ረኃብተኞች የለመነውን ገንዘብ መንግሥታቱ ከለከሉት። በግሪክና በቱርክ መካከል ሕዝብ እንዲለዋወጥ የደገፈው ሐሳብም ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎችን ከትውልድ አገራቸው ያፈናቀለ በመሆኑ እስከ ዛሬ ያነጋግራል። በ1925 ወደ አርመንያ ሄዶ፣ ከመሐንዲሶች ጋር ደረቅ ሜዳ በመስኖ አልምቶ ስደተኞችን ለማስፈር ያዘጋጀው እቅድ ብድር በማጣት ቀረ። ከእነዚሁ የአርመን ስደተኞች መካከል ወላጆቻቸውን ያጡ 40 ወጣቶች፣ ናንሰን ወደዚያ ከመሄዱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ መጥተው የንጉሣዊው ማርሽ ቡድን መሆናቸውን ብዙ አንባቢ ያውቀዋል።

ናንሰን ሜይ 13 ቀን 1930 በኦስሎ አጠገብ በቤቱ በረንዳ ላይ ሞተ። ፍራም ከ1936 ጀምሮ በኦስሎ በራሷ ቤተ መዘክር ውስጥ ቆማለች፤ ጎብኚ ወደ ውስጧ ገብቶ ሰያፍ ድጋፎቿን መዳሰስ ይችላል። ታራ የተባለች የፈረንሳይ መርከብ ከ2006 እስከ 2008፣ ፖላርሽተርን የተባለው የጀርመን የምርምር መርከብ ደግሞ ከ2019 እስከ 2020 እንደ ፍራም በበረዶ ተይዘው ተጓዙ። ታራ ክብ ቀፎዋን የወረሰችው ከአርቸር መርሕ ነው። በ500 ቀን ገደማም ከበረዶው ወጣች፤ በረዶው ከናንሰን ዘመን ይልቅ ስለ ሳሳ ነፋስ በቀላሉ ይነዳዋልና፣ የፍራምን ጊዜ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር የፈጀባት።